የኡስታ ፈርጋኒ መኪና የተንበረከከች ዕለት

ኡስታ ፈርጋኒ ይህን ታሪክ ሌላ ሰው ሲያወራው ከሰማ ዝም ብሎ መቀመጥ አይሆንለትም። «አሳነስከው እኮ! እኔ ከዚያ የባስኩ ጅል ነበርኩ» ብሎ ከተናጋሪው አፍ ይነጥቅና ራሱ ይጨርሰዋል። እንግዲህ እሱ በሌለበት እንዳይጣመምበት፣ ልክ እንደሚያወራው አድርገን እናውራው።

ፈርጋኒ በግብፅ በረሃ ውስጥ ባለችው በባዊቲ ከተማ፣ ከካይሮው አውቶቡስ ማቆሚያ አጠገብ፣ ሠላሳ ሁለት ዓመት ጋራዥ ይዞ የኖረ ሰው ነው፤ «ኡስታ»፣ የሙያው ጌታ፣ የሚሉትም ለዚህ ነው። ሞተር አይነካም። ኤሌክትሪክ «የጂኒ ሥራ ነው» ብሎ አይጠጋም። የእሱ ሙያ የመኪና የፊት እግር ብቻ ነው። በዚያ በረሃ መኪናው ሁሉ ፎርዌል ነው፤ ፎርዌሉ ሁሉ አሮጌ ነው፤ አሮጌ ፎርዌል ደግሞ እንደ አሮጌ ሰው መጀመሪያ የሚከዳው ጉልበቱ ነው። ጎማውን ከላይና ከታች ከብረት ክንዶቹ ጋር የሚያያይዙ፣ በጽዋ ውስጥ የሚሽከረከሩ የብረት ኳሶች አሉ፤ የዚያ አገር መካኒክ «እንቁላል» ይላቸዋል። እንቁላሉ ሲበላ ጎማው ይወላገዳል፣ መኪናው ይንኳኳል። ጨርሶ ሲያልቅ ኳሱ ከጽዋው ሾልኮ ይወጣና ጎማው ይታጠፋል፤ መኪናውም በአፍጢሙ ይደፋል። ይህን ነገር በመላው ኦአሲስ ከፈርጋኒ በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

ዝናው ግን ከእጁ ይልቅ በጆሮው ነበር። ጠዋት ጠዋት ከጋራዡ ጎን ካለው ከሻዝሊ ሻይ ቤት ደጃፍ ወንበሩን ዘርግቶ ይቀመጣል። ከሻይ ቤቱ ፊት መንገዱ ላይ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ አለ፤ ማንኛውም መኪና እሱን ሲሻገር የእግሩን ጉድ ያወጣል። ፈርጋኒም ብርጭቆውን ሳያስቀምጥ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይፈርዳል።

«የግራ፣ የታችኛው እንቁላል። ሁለት ሳምንት የለውም።»

ሾፌሩ ካልቆመ ተነሥቶ ይጮህበታል፦ «ወንድሜ! መኪና እየነዳህ ነው ወይስ የራስህን ሬሳ እያመላለስክ?» ሻይ ቤቱ በሳቅ ያልቃል። ሾፌሩ ያፍራል፤ እንዳፈረም መሪውን ጠምዝዞ ጋራዡ ውስጥ ይገባል።

በዚህ ዓይነት ያላዋረደው ሰው የለም። የቴምር ነጋዴውን ሀጅ ቅናዊን ሁለት አማቾቹ ከኋላ ተቀምጠው ሳለ «እነዚህን ልጆች የዳርካቸው ለሴት ልጆችህ ነው ወይስ ለመቃብር?» ብሎታል። የእንስሳት ሐኪሙን «አንተ ለአህያ እንጂ ለብረት አታዝንም» ብሎታል። የገዛ አክስቱን ልጅ እንቁላል እስኪቀይር ድረስ አንድ ወር ሙሉ ሰላምታ ነስቶታል። «እኔ እኮ» ይላል ዛሬ ሲያወራው፣ «ሰው የሚወደኝ ይመስለኝ ነበር። ለካ የሚፈራኝ ነው።»

አሁን ጆሮው ምን እንደሆነ እንናገር። የእንቁላሉ እግር ሾጣጣ ብረት ነው፤ በቀዳዳው ተነክሶ ለዓመታት ስለሚኖር በመጎተት አይወጣም፤ ቀዳዳውን ከጎን በመዶሻ እየመቱ ማስደንገጥ ያስፈልጋል። ፈርጋኒ ሲመታ ግራ ጆሮውን ወደ ብረቱ ያዘነብላል። ብረቱ የተነከሰ እንደሆነ ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ በለቀቀ ጊዜ ድምፁ ይደነዝዛል። ያንን ለውጥ ለመስማት ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ ጆሮውን ከመዶሻው ሥር ሲያስቀምጥ ኖረ። የሚሰማበትን ጆሮ ራሱ ቀጥቅጦ ገደለው ማለት ነው። የቀኙም ቢሆን ከግራው እምብዛም አልተሻለም።

ጆሮ እንደ ዓይን አይደለም፤ ሲጠፋ አይጨልምም። «ጆሮዬ በከዳኝ ዓመት» ይላል ፈርጋኒ፣ «ባዊቲ ጸጥ ያለች መሰለኝ። ሰው መጮህ ተወ፣ አህያው ጨዋ ሆነ፣ መኪናው ሁሉ ጤና አገኘ ብዬ አላህን አመሰገንኩ።» ፍርዱን ግን አላቆመም። ጎማው ሲወዛወዝ በዓይኑ ያያል፣ የሾፌሩን ፊት ያያል፣ ቀሪውን ይገምታል። አንዳንዴ ይሳካለታል። በማይሳካለት ጊዜም የሚከራከረው አልነበረም፤ ከአንድ ሰው በስተቀር።

ያ ሰው ሐምዱን ነው። ሐምዱን አሥራ አንድ ዓመት አብሮት የሠራ፣ የሦስት ልጆች አባት የሆነ ጎልማሳ መካኒክ ነበር። አንድ ቀን አንዲት ፒክአፕ ጉብታውን ስትሻገር ፈርጋኒ «የግራው!» ብሎ ፈረደ።

«ኡስታ» አለ ሐምዱን ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እኔ የቀኙ ይመስለኛል።»

«ምን አልክ?»

«የቀኙ ነው የሚመስለኝ።»

«ጆሮህን ታጠብ!»

«የእኔስ ታጥቧል፣ ኡስታ።»

ፈርጋኒ ተነሥቶ ወደ ጋራዡ ገባ፤ የሐምዱንን የሥራ ልብስ ከሚስማሩ አውርዶ አጥፎ አመጣና በእጁ አስያዘው። ሐምዱን ከመንገዱ ማዶ የራሱን ጋራዥ ከፈተ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሁለቱ በየደጃፋቸው ተቀምጠው አንዱ ሌላውን እንደማያይ ሆነው ሲተያዩ ኖሩ።

የፈርጋኒ የራሱ መኪና ልጁ ሙክታር በተወለደ ዓመት የገዛት ፎርዌል ናት። ነጭ ነበረች፤ ፀሐይና አሸዋ እየተፈራረቁ የሽምብራ ቀለም ሰጥተዋታል። በሳምንት ሁለት ጊዜ ሚስቱ ናጅያ የምትሠራውን በኮምጣጤ የተዘፈዘፈ ወይራና የሚሽሚሽ ፍሬ (አፕሪኮት) ማርማላታ በጠርሙስ በጠርሙስ ጭኖ ለእንግዳ ማረፊያዎቹ ያደርሳል። ናጅያ ከጎኑ ትቀመጣለች። እሷ ነበረች መጀመሪያ የሰማችው፤ ሮመዳን ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው።

«አቡ ሙክታር፣ ከእግርህ ሥር የሆነ ነገር ይንኳኳል።»

«ጠርሙሶችሽ ናቸው።»

«ጠርሙስ ከኋላ ነው ያለው። እኔ የምልህ ከፊት ነው።»

«ድምፅ ይዞራል፣ ሴትዮ። እኔን የፊት እግር ልታስተምሪኝ ነው?»

ናጅያ ክርክር አትወድም። ቤቷ ገብታ አሮጌ ብርድ ልብስ ቀደደችና ለእያንዳንዱ ጠርሙስ ከረጢት ሰፋችለት። ስልሳ ከረጢት። በሚቀጥለው ጉዞ መኪናዋ አሁንም «ቋ፣ ቋ» ስትል ናጅያ ባሏን ዞር ብላ አየችው። ፈርጋኒ ፊቱ ፈክቶ፣ «አየሽ? ጠፋ!» አላት። እሷም «አልሐምዱሊላህ» ብላ ወደ መስኮቱ ዞረች።

ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ይህ ነው፤ አዳዲሶቹ እንቁላሎች በጋራዡ መደርደሪያ ላይ ነበሩ። ለራሱ መኪና ብሎ ከሦስት ዓመት በፊት ሁለት የላይ፣ ሁለት የታች ከካይሮ አስመጥቷል። «ጊዜ ሳገኝ» ይላል። ጊዜ አላገኘም። ሳጥኑ የሻይ ማስቀመጫ ሆኖ የብርጭቆ ክብ ክብ ምልክት ተደራርቦበታል። የራስዋ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት እንዲህ ነው።

ሮመዳን ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ሐሙስ ዕለት፣ የወንድሙ ልጅ የሱንዱስ ሠርግ ሆነ። አባቷ በልጅነቷ ስለሞተ ያሳደጋት ፈርጋኒ ነው፤ የጋብቻ ውሉ፣ ኒካሁም፣ በዋዜማው መስጊድ ተፈጽሟል። ሐሙስ ከሰዓት፣ ከዐስር ሰላት በኋላ፣ የቀረው ሙሽራዪቱን ወደ መንዲሻ መንደር፣ ወደ ሙሽራው ቤት ማድረስ ብቻ ነበር። የሙሽራው ወገን አዲስ መኪና ልከው ነበር፤ ፈርጋኒ መለሰው። «የወንድሜ ልጅ በእኔ መኪና ነው የምትሄደው። ይህች መኪና አንድም ቀን በመንገድ አስቀርታኝ አታውቅም።» እውነቱን ነው። ጨዋ መኪና ናት፤ ያ ቀን እስኪደርስ ታገሠችው።

መኪናዋ ታጠበች፤ ኮፈኗ ላይ ሪባን ታሰረ። ፈርጋኒ በብረት የተተኮሰ ክሬም ጀላቢያውን ለበሰ። ሱንዱስ በነጭ ቀሚሷ የኋላውን ወንበር ሞላችው፤ ናጅያ ከፊት ተቀመጠች። ከኋላ ከበሮኞቹ የተጫኑባት ፒክአፕ፣ ከእሷ ኋላ ዐሥራ አምስት ያህል መኪና ተከተለ። ሻይ ቤቱ ጋ ሲደርሱ ሰው ሁሉ ተነሥቶ ያጨበጭባል። ማዶ ሐምዱን ከጋራዡ ደጃፍ ቆሞ ያያል። ፈርጋኒ ሐምዱንን ሲያይ ደረቱ ተነፋ፤ ጥሩምባውን እየነፋ ነዳጁን ረገጥ አደረገና ጉብታውን እንደ ጎረምሳ ዘሎ ሊሻገር ሄደ።

«ቋ!» አለ። ይህንን ሰማው። በጆሮው ሳይሆን በሆዱ ነው የሰማው።

የፊት ግራ ጎማ ታጥፎ በጎኑ ተኛ። መኪናዋ ልክ ጭነት እንደሚያራግፉላት ግመል በአንድ ጉልበቷ ተንበረከከች፤ አፍንጫዋ አስፋልቱን እየፋቀ ሁለት ሜትር ሄዶ ቆመ። የሱንዱስ እቅፍ አበባ ከኋላ ተወርውሮ ፈርጋኒ ጭን ላይ አረፈ። የተጎዳ ሰው የለም። ከበሮው ቀጥ አለ።

በዚያ ጸጥታ መካከል ሻዝሊ ሻይ የደረደረበትን ሳህን በእጁ እንደያዘ ወደ መስኮቱ ጎንበስ አለና፣ በሙሉ አክብሮት፦

«ወንድሜ» አለ፣ «መኪና እየነዳህ ነው ወይስ የራስህን ሬሳ እያመላለስክ?»

ለመሳቅ የደፈረ ግን አልነበረም። ሁሉም የፈርጋኒን ፊት ያያል። ናጅያ ቀበቶዋን ቀስ ብላ ፈታች።

«አቡ ሙክታር» አለችው፣ «ጠርሙሶቹን እኮ ዛሬ አልጫንኩም።»

በዚህ ጊዜ መጀመሪያ የሳቀችው ሙሽራዋ ናት። ከዚያ መንገዱ በሙሉ ፈነዳ። ከበሮኞቹ ከፒክአፑ ላይ ሊወድቁ ደረሱ። ሱንዱስ ቀሚሷን ሰብስባ ወረደችና «አጎቴ፣ እኔ ባሌ ጋ ልሂድ ወይስ እዚሁ ቁጭ ብለን መኪናዋን እናስታምም?» አለችው።

«ሂጂ» አላት፤ «እኔ... እከተልሻለሁ።»

ሐምዱን መንገዱን ተሻግሮ የራሱን ንጹሕ ፒክአፕ አቀረበና ሙሽራዋንና ናጅያን ጭኖ ሄደ። አጀቡም እየጨፈረ ተከተለ። ፈርጋኒ አበባውን እንደያዘ መሀል መንገድ ላይ ቀረ። የሻይ ቤቱ ሰውም ቀረ፤ ከሠርጉ ይልቅ ይኸኛው ይሻላል ብሎ።

አስተዋይ ሰው ቢሆን ጎታች ጠርቶ መኪናዋን ወደ ጎን አስደርጎ ሠርጉ ላይ ይደርስ ነበር። ፈርጋኒ ግን በዚያ ሰዓት የቀረው ነገር ቢኖር ኩራቱ ነው፤ እሱም ታጥፎ ነበር። «ሰዓት ያዙልኝ!» ብሎ ጮኸ። «በአንድ ሰዓት ውስጥ አራቱንም እንቁላል ቀይሬ በዚህችው መኪና ሠርጉ እገባለሁ!» ጋራዡ ገብቶ የብርጭቆ ምልክት የተደራረበበትን ሳጥን አመጣ። የሥራ ልብስ መልበስ እንኳ ረሳ።

በኋላ ጎማዎቹ ሥር ድንጋይ ደግፎ ክሪኩን ከሻንሲው ሥር አቆመና አፍንጫዋን አነሣ። ጎማውን አወጣ። የፍሬኑ ቱቦ እንዳይበጠስ ፍሬኑን በሽቦ አንጠለጠለው። የታችኛው እንቁላል ጽዋው አፉን ከፍቶ ደርቋል፤ ውስጡ ግራሶ ሳይሆን የበረሃ አሸዋ ነበር። ይህን ሲያይ ሻይ ቤቱ እንዳያይበት በሰውነቱ ከለለው። የተረፈው ኳስ ግን እግሩ በቀዳዳው ተነክሷል፤ የላይኛውም እንደዚያው። የማገቻ ሽቦዎቹን ነቀለ፤ ዳዶዎቹን ላላ አድርጎ ጫፉ ላይ ተዋቸው፤ ብረቱ ሲለቅ ክንዱ ተወርውሮ እንዳይመታው እንዲህ ነው የሚደረገው። ከዚያ ትልቁን መዶሻ አነሣ፤ ግራ ጆሮውን አዘነበለ፤ መምታት ጀመረ።

ሐምዱን ሙሽራዋን አድርሶ የተመለሰው በዚህ ጊዜ ነበር። ወንበር አልሳበም፤ ከሰው ጀርባ ቆሞ ያያል።

ፈርጋኒ ይመታል። በሦስተኛው ምት የታችኛው «ድብ» ብሎ ለቀቀ። ሻይ ቤቱ «ለቀቀ!» አለ። ፈርጋኒ ይመታል። «ለቀቀ እኮ፣ ኡስታ!» አሉ። ይመታል። ላቡ በአፍንጫው ይንጠባጠባል፤ ጀላቢያው ጥቁር ሆኗል፤ እሱ የሚጠብቀው የድምፅ ለውጥ አልመጣም። «ዛሬ ምን ነክቶታል ይህ ብረት?» እያለ ይመታል። ከኋላ የካይሮው አውቶቡስ መንገድ ተዘግቶበት ጥሩምባውን አንባርቆ ይነፋል፤ ፈርጋኒ አንገቱንም አላዞረም። አንዱ ተጫዋች ነኝ ባይ «ኡስታ ሊያሳምነው ነው እንጂ ብረቱስ ወጥቷል!» አለ። ሳቁ። ቀጥሎ ሳቁ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄደ። ጥቂት ቆይቶ የሚስቅ አልነበረም። የሚሰማው የመዶሻው ድምፅ ብቻ ሆነ።

ፈርጋኒ ትንፋሽ ሊወስድ ቀና ሲል ሰዎቹን አያቸው። አፋቸው ይንቀሳቀሳል። ሁሉም አንድ ቃል ነው የሚሉት። አንዳቸውንም አይሰማም።

ሐምዱን ከሰው መሀል ወጥቶ በቀኙ በኩል ተንበረከከ። እጁን መዶሻ በያዘው ክንድ ላይ አሳረፈና አፉን ወደ ቀኝ ጆሮው አስጠጋ።

«ኡስታ» አለ፤ «ለቋል። ቅድም ነው የለቀቀው።»

ፈርጋኒ ጣቱን ሰድዶ ዳዶውን ነካው። ኳሱ እንደ ልጅ ጥርስ ይነቃነቃል። መዶሻውን አስቀመጠና አስፋልቱ ላይ ቁጭ አለ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» ብሎ ጠየቀ።

«ብረቱ?»

«ጆሮዬ።»

ሐምዱን መዶሻውን ወደ ጎን አደረገ። «እኔ የማውቀው ካባረሩኝ ቀን ጀምሮ ነው።»

ፈርጋኒ ወደ ሻይ ቤቱ ዞረ። «ሁላችሁም ታውቃላችሁ?»

ሁሉም የየራሱን ብርጭቆ መመርመር ያዘ። በመጨረሻ ሻዝሊ ጠጋ ብሎ ጮክ ብሎ ተናገረ፦ «ወንድሜ ፈርጋኒ፣ አምና ስኳር ልጨምርልህ ወይ ስልህ ‹አሜን› አልከኝ። ሃይማኖተኛ ሆኗል ብዬ ዝም አልኩ።»

ፈርጋኒ መጀመሪያ ሊቆጣ ነበር። ፊቱ ተሰበሰበ። ከዚያ የስልሳዎቹ ጠርሙሶች ከረጢት ትዝ አለው፤ ናጅያ ያን ሁሉ ሌሊት በመርፌ፤ «አየሽ? ጠፋ!» ማለቱ፤ እሷ ወደ መስኮቱ መዞሯ። አንዴ ሳቅ ሲይዘው መቆም አልቻለም፤ ጀርባውን ለጎማው ሰጥቶ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ከሳቁ መሀል ሌላ እንባም ነበረበት ይላል፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ እሱም አልለየውም።

«ና እንግዲህ» አለው ለሐምዱን፣ «ጆሮህን አውሰኝ። እጁ የእኔ ይሁን።»

አብረው ሠሩ። የታችኛውን አዲስ እንቁላል በአራት ቡሎን አሰሩ፣ የላይኛውን አስገቡ፣ ግራሶ ሞሉ፣ ዳዶውን አጥብቀው ማገቻ ሽቦውን አጠፉ። ከዚያ ወደ ቀኙ ጎማ ዞሩ። ፈርጋኒ ይመታል፣ ሐምዱን «በቃ» ይላል። አንዳንዴ ሳይለቅ «በቃ» ይለውና ፈርጋኒ በእጁ ነክቶ «ውሸታም!» ሲለው ይሳሳቃሉ። አንድ ሰዓት የተባለው ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀ፤ አውቶቡሱ በግንቡ ጥግ ተፋፍጎ አልፎ ሄደ፤ ፀሐይም ጠለቀች።

ሠርጉ ላይ ሲደርሱ ፈርጋኒ ከራሱ እስከ እግሩ ግራሶ ነበር። የሙሽራው አባት በር ላይ ተቀበለውና ፊቱን ሳያይ «አላህ ይስጥህ፣ በጊዜ መጣህ! ጄኔሬተሩ በጓሮ በኩል ነው፤ ደግሞ ያጨሳል» ብሎ መራው። ፈርጋኒ ሄዶ ጄኔሬተሩን ፊት ለፊት ቆሞ ተመለከተው። «ሞተር ነክቼ አላውቅም» ይላል፤ «ግን የሙሽራዋ አጎት ነኝ ከማለት ጄኔሬተሩን መሥራት ቀለለኝ።» ናጅያ ፈልጋ እስክታገኘው ድረስ እዚያው ቆመ፤ አግኝታው በውሃና በሳሙና አሻሸችውና አዳራሹ አስገባችው።

ከሠርጉ በኋላ ባለው ቅዳሜ ጋራዡን ዘጋ። በአንድ በርሜል ውስጥ ከሰው መኪና ያወጣቸውን አሮጌ እንቁላሎች ያከማች ነበር። ጆሮው ከከዳው ወዲህ ያሉትን አሥራ ዘጠኙን እያወጣ አንድ በአንድ በእጁ ሞከራቸው። አሥራ ሁለቱ የተበሉ ናቸው፤ ይወላገዳሉ። ሰባቱ ግን እንደ አዲስ ጥብቅ ናቸው፤ ጤነኛ ነገር ነቅሎ አዲስ አስገብቷል ማለት ነው። ከሰባቱ አንዱን አወቀው፤ የሀጅ ቅናዊ ነው፣ ሰማያዊ ቀለም ነክቶታል። በመሀረብ ጠቅልሎ ይዞት ሄደ።

ሀጅ ቅናዊን ቴምር ከሚያስደርድርበት ጥላ ሥር ተቀምጦ አገኘው። ፈርጋኒ መሀረቡን ፈታና ብረቱን አኖረለት።

«ይህ ያንተ ነው፣ ሀጅ። ምንም አልነበረውም። በአማቾችህ ፊት ያዋረድኩህ በከንቱ ነው።»

ሀጁ ብረቱን አገላብጦ አየው። «አውቄያለሁ። ሐምዱን ያኔውኑ ነግሮኛል።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልክ?»

«ሠላሳ ዓመት በበረሃ መንገድ አስቀርተኸኝ አታውቅም። አንድ ጊዜ ጤነኛ እንቁላል ብትነቅልብኝ ምን ይሆናል ብዬ ነው።» ብረቱን መለሰለት። «ደግሞም እውነቱን ልንገርህ፣ አፍህን ፈርቼ ነው።»

ፈርጋኒ ሌሎቹንም በዚያ ሳምንት ዞረ። የእንስሳት ሐኪሙ ይቅር አለውና «ያንተን ዓይነት በአህያ ላይም አይቻለሁ» አለው። የአክስቱ ልጅ ግን ደጃፉ ላይ አቁሞት አንድ ወር ሰላምታ እንደሚነሳው ነገረው፤ ልክ በወሩ መጥቶ ሳመው።

በጋራዡ ነገር ላይ ለውጥ መጣ። ዛሬ ሰው ሲመጣ ፈርጋኒ አይፈርድም። ጎማውን ከመሬት ያነሳል፣ ሐምዱን ረጅም ብረት ከሥሩ አስገብቶ ወደ ላይ ያቃናል፣ ፈርጋኒ መዳፉን እንቁላሉ ላይ አሳርፎ ዓይኑን ይጨፍናል። ከተበላ በመዳፉ ውስጥ ትንሽ ትዘላለች። «ድሮም እንዲህ ነው መሥራት የነበረብኝ» ይላል፤ «ግን ከወንበር መነሣት ይጠይቃል።» ሐምዱን የራሱን ጋራዥ አልዘጋም፤ መንገዱን እየተሻገረ ይመጣል፣ ተሻግሮም ይሄዳል።

ልጃቸው ሙክታር ካይሮ ነው የሚሠራው፤ ወሬውን ሲሰማ ለአባቱ የጆሮ ሐኪም ቀጠሮ ያዘ። ፈርጋኒና ናጅያ ከዒድ በኋላ በአውቶቡስ ሄዱ። ሐኪሟ ልጅ እግር ሴት ናት። መስኮት ያላት ጠባብ ክፍል ውስጥ አስቀመጠችውና ጆሮው ላይ ማዳመጫ አጠለቀችለት፤ ድምፅ በሰማ ቁጥር እጁን እንዲያነሳ ነገረችው። ፈርጋኒ ከእሷ ጋር ውድድር መሰለው። እጁን አነሣ። አወረደ። ደግሞ አነሣ። እያከታተለ፣ ሰላምታ እንደሚመልስ ሹም፣ አነሣ አወረደ። ሐኪሟ በሩን ከፍታ ገባች።

«አባቴ» አለችው ማዳመጫውን አውልቃ ወደ ቀኝ ጆሮው ጎንበስ ብላ፣ «መሣሪያውን እኮ ገና አልከፈትኩትም።»

ከመስኮቱ ማዶ ናጅያ ግድግዳውን ተደግፋ በሻርፗ ጫፍ አፏን ሸፍና ስትንፈቀፈቅ አያት።

ሁለት ጥቃቅን ማዳመጫዎች ታዘዙለትና ከጆሮው ኋላ አደረጉለት። በመጀመሪያው ሰዓት የሰማው የራሱን ጫማ ነው፤ ይፋጫል፤ ሰው ይከተለኛል ብሎ ሁለት ጊዜ ዞረ። ቀጥሎ የሰማው ናጅያ ከትንፋሿ ጋር የምታጉተመትመውን ነው። «ይህን ሁሉ ጊዜ እንዲህ ስትዪ ነበር?» አላት። «ዐሥር ዓመት» አለችው።

ወደ ባዊቲ ሲመለሱ አውቶቡሱ በረሃው መሀል ከመድረሱ በፊት ፈርጋኒ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። ከፊት በኩል፣ ከቀኙ፣ ድብ ድብ የምትል ኳኳታ ሰማ። ደሙ ሞቀ። ወደ ሾፌሩ ሊጮህ አፉን ከፈተ፤ ከዚያ መለስ አለና ከናፍሩን ገጠመ። አውቶቡሱ ለዕረፍት ሲቆም ሾፌሩን ፈለገው፤ ሻይ ሊቀዳ ተሰልፏል።

«ወንድሜ፣ ይቅርታ» አለው፤ «ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል፤ ጆሮዬ አዲስ ነው። የፊት ቀኙን እግር አንዴ በእጄ ልንካው?»

ሾፌሩ ከራሱ እስከ እግሩ አየው። ከጆሮው ኋላ የተንጠለጠሉትን አየ።

«አባቴ» አለው፣ «መኪናው ትናንት ነው ከጋራዥ የወጣው። ይልቅ ሻዩ ሳያልቅብህ ተሰለፍ።»

ፈርጋኒ ከሾፌሩ ኋላ ተሰልፎ ሻዩን ተቀበለና ናጅያ አጠገብ ሄዶ ተቀመጠ። ኳኳታው እስከ ባዊቲ ድረስ አብሯቸው ሄደ፤ አውቶቡሱም በሰላም አገባቸው።